ሩት ሞልታለች

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። ሽፋኑ ላይ የማላውቀው ኳስ ተጫዋች ጥርሱን ያሳየኛል። እስከ ዓርብ ድረስ የሥራ ማስታወሻዬን የምጽፈው ሰርቨሩ ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን «ቦታ የለም፣ መጻፍ አልችልም» አለኝ። አራት ዓመት እንደ ልጅ ያሳደግኩት ማሽን!

ለታሪክ ይመዝገብ፦ እኔ ዮናስ፣ ሽሮ ሜዳ የሚገኘው የሸማኔዎችና የባህል ልብስ ነጋዴዎች ኅብረት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍሉም እኔው ነኝ። ሰርቨሩ ከደረጃው ሥር፣ ድሮ የድርና ማግ መጋዘን በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ትዕዛዙ፣ ደረሰኙ፣ የልብሱ ፎቶ፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። እሱ ከቆመ ለዘመን መለወጫ ቀሚስ ያዘዘ ሁሉ ባዶ እጁን ይቀራል።

ምክንያቱን ነገ አገኘዋለሁ።

ሐምሌ 22

አላገኘሁም።

ሐምሌ 23፣ ማታ

ረጋ ብዬ ልጻፍ። ማሽኑ ሁለት ቦታ አለው። ዋናው፣ ሁሉም ነገር የተተከለበት፣ ሩት ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው። ከፍቅር ብዛት በሴት አንቀጽ ነው የምጠራት። ሌላው ከውጭ በገመድ የሚሰካ ዲስክ ነው፤ እሱ ላይ በየቀኑ የሁሉም ነገር ቅጂ ይቀመጣል። እሳት ቢነሳ፣ ሌባ ቢገባ፣ ቅጂው ያድነናል። የሞላችው ሩት ናት።

እስከ ሰኔ መጨረሻ ቅጂውን በእጄ ነበር የምወስደው። በሐምሌ ግን አዲስ በጀት፣ አዲስ አሠራር ብዬ ማሽኑ ራሱ እንዲወስድ አደረግኩት፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ የእንጦጦ ጅብ እንኳ ወደ ጎሬው ሲመለስ። ሰዓቱን በገዛ እጄ 8 ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት ጉለሌ ውስጥ ሌላ ካለ ያሳዩኝ።

ሥርዓት የሌላቸው እትዬ የሺ ናቸው። የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይገባሉ። የሚሠራው ሶኬት የሰርቨር ክፍሉ ብቻ ስለሆነ ዲስኩን ነቅለው የውሃ ማፍያውን ይሰካሉ። ሺህ ጊዜ ተናግሬያለሁ። «ዮኒዬ፣ ሻይ ትፈልጋለህ አትፈልግም?» ይሉኛል። እፈልጋለሁ። ቅርንፉዱን የሚያውቁበት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ላይ ስገባ ሻዬን እየጠጣሁ ዲስኩን መልሼ እሰካለሁ፤ ቅዳሜ የነቀሉትንም ሰኞ። ቅጂው የሚወሰደው ሌሊት ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም።

ሐምሌ 24

ጠረግኩ። አሮጌ ነገር ሁሉ ጣልኩ። ማሽኑ ተነፈሰ። ሸጎሌ ቤቴ ድረስ እያፏጨሁ ሄድኩ፤ የከብት ገበያው በጎች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ።

ሐምሌ 25

ሞላ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ስብሐት፣ ጸሐፊያችን ዓለምነሽ፣ ከቦርዱ ጋሽ በድሉ፣ እና እኔ። ጋሽ በድሉ ከሽሮ ሜዳ ሽማግሌ ሸማኔዎች አንዱ ናቸው፤ ሲያወሩም እጃቸው መወርወሪያ የያዘ ይመስል ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ሩት ሞልታለች፤ ሥራው የቆመው ለዚህ ነው» አልኩ።

«ሩት? የትኛው ክፍል ያለችው?» አሉ አቶ ስብሐት።

«ሰው አይደለችም። የሰርቨሩ ሥር ናት።»

«ሞላ እኮ ምርቃት ነው፣ ዮናስ። ጎተራ ሲሞላ ማን ያለቅሳል?»

«ቦታ አጥታለች።»

«እ... ታዲያ ቦታ ይሰጣት! ወንበር አጥተን ነው?»

በኢንተርኔት ቦታ አከራይተው የሰው ፋይል የሚያስቀምጡ አሉ፣ ደመና ይሉታል፣ እዚያ እናድርገው አልኩ። «በክረምት?» አሉ አቶ ስብሐት። ጋሽ በድሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በመጨረሻ «የሙላት አጣሪ ኮሚቴ» ተቋቋመ፤ በየስብሰባው ለስላሳ አለው። ማታ ቃለ ጉባኤውን አየሁት። ዓለምነሽ እንዲህ ብላለች፦ «ወ/ሪት ሩት ቦታ በማጣቷ ሥራ መስተጓጎሉ ተገልጿል።» አርሚው አልኳት። ተፈርሟል አለችኝ።

ሐምሌ 30

ሲና መጣች። የልብሶቹን ፎቶ የምታነሳው እሷ ናት፤ ኮንትራቷ ጳጉሜን 5 ያልቃል፣ መታደሱ በዚህ ሰሞን ሥራዋ ነው የሚወሰነው። ስትስቅ ቀኝ ጉንጯ ብቻ ይሰረጎዳል። ይህ ለሰርቨሩ ጉዳይ አስፈላጊ አይደለም።

«የይለፍ ቃሉን ስጠኝ፣ በሩት ልግባና እኔም ልይልህ» አለችኝ።

አስተማርኳት። ሁሉን የሚያዝዘው የማሽኑ መለያም ሩት ይባላል፤ በሩት የገባ ሰው ስም የለውም። ነገ ጥፋት ሲፈለግ መዝገቡ የሚለው «ሩት አጠፋች» ነው። ጨዋ ሰው በስሙ ነው የሚገባው።

«አንተስ?»

«እኔማ ኃላፊ ነኝ።»

«ገባኝ» አለች። ጉንጯ አልተሰረጎደም።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። ዛሬም ሞላ። የጠረግኩትን ያህል ጠዋት ተመልሶ ይሞላል። ማሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ እየዞርኩ ደመርኩ፤ ግማሽ እንኳን አይሆንም። እሱ ግን ጢም ብያለሁ ይላል። ስቆጥረው የሌለ፣ ስጽፍበት ያለ። እትዬ የሺ «ጸበል ይረጭ» አሉ። ከኮሚቴው የተሻለ ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው።

ኮሚቴው እስከ ማታ በጽሑፍ ምክንያት አምጣ አለኝ። ምክንያት የለኝም ማለት ለኃላፊ አይሆንም። ጻፍኩ፦ «ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ከፍተኛውን ቦታ የያዘው የፎቶ ክፍሉ ነው።» ውሸት የለበትም። «ከሚታዩት» ብያለሁ።

ነሐሴ 4

ዛሬ እሑድ ነው፤ ቢሮ አይገባም። «ከሚታዩት» የሚለው ቃል ግን እቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ነሐሴ 5

ሲና በሩ ላይ ቆማ፦ «የአምናውም ፎቶ እዚያው ነበር። ያኔ ለምን አልሞላም?»

ቴክኒካል ነው አልኳት።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ወሰነ፦ የሐምሌ ፎቶ በሙሉ ከሰርቨሩ ይጥፋ። ሲና እጇን አወጣች። «ለዘመን መለወጫ ደንበኛ የሚመርጠው ከነዚህ ነው። የጋሽ በድሉ አዲሱ ጥለት እዚያ ውስጥ ነው፤ ልብሱ ተሸጧል፣ ካሜራዬም ላይ የለም፣ በየሳምንቱ ወደ እናንተ እያራገፍኩ ነው ያጸዳሁት።»

«አይዞሽ፣ ቅጂው ዲስኩ ላይ አለ። ቅጂ የሚባለው ለዚህ ነው» አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ሲያዩኝ ደስ ይለኛል፣ አልክድም።

በሩት ገብቼ አጠፋሁ። ማሽኑ ተነፈሰ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ በሩ ላይ ሆያ ሆዬ ይላሉ። አቶ ስብሐት ወጥተው ሙልሙል ሰጧቸው። «እንዲሁ ሞልቶ ይትረፍረፍ» ብለው መረቋቸው። እኔ ደነገጥኩ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ፣ ማታ

ሁለት ክፉ ዜና። አንደኛ፣ እንደገና ሞላ። ይህን ለምጄዋለሁ። ሁለተኛ፣ ሲና ለበዓሉ ማስታወቂያ ፎቶዎቹን መልስልኝ አለችኝ። ዲስኩን ከፈትኩ። የመጨረሻው ቅጂ የሰኔ 30 ነው። የሐምሌ የለም። የነሐሴ የለም። በየቀኑ «ቅጂ ተወስዷል» የሚል መልእክት ይደርሰኝ ነበር። ወዴት ነው የተወሰደው?

«ዲስኩ ተበላሽቷል» አልኳት።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ በድሉ መጡ። ደንበኞች «ያቺ ጥለት» እያሉ እየደወሉላቸው ነው፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን የሚያሳያቸው የለም። «ልጄ፣ ጥለቷን ስሠራ በስተመጨረሻ መንገድ ቀይሬባታለሁ። እጄ ሠርቶ ዞር ሲል ይረሳል። አይቼ ነው የምደግማት» አሉኝ። ቴክኒካል ነው ብዬ ልላቸው አልቻልኩም። «እየተከታተልኩት ነው» አልኳቸው። እግዜር ይስጥህ ብለው ሄዱ።

ነሐሴ 26

በደረጃው ሲወርዱ የሰማሁት፦

«ሰርቨር የሞላችብንን ልጅ ደግሞ ኮንትራት እናድስላት?» የአቶ ስብሐት ድምፅ ነው።

«ሪፖርቱ እሷ ናት ነው የሚለው?» ዓለምነሽ።

«የባለሙያው ሪፖርት ነው። እኔ ምን አውቃለሁ።»

ባለሙያው እኔ ነኝ። እኔ እኮ ከሚታዩት ነው ያልኩት። ከሚታዩት።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ዲስኩ ተበላሽቷል ስላልኩ አቶ ስብሐት መርካቶ ጠጋኝ ዘንድ ላኩት። ጤነኛ ዲስክ ለሐኪም። ምን ያገኝበታል? እንጃ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል ነው። አምስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ግቢ ወጥቶ በረከት ተቀበለ፤ አቶ ስብሐት ኮታቸውን አውልቀው፣ ዓለምነሽ ፀጉሯን ፈትታ። እትዬ የሺ በባልዲ የያዙትን የዝናብ ውሃ ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ረጩ። «ተዉ፣ ኤሌክትሪክ ነው!» ብዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ብቻዬን ሆንኩ።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ዲስኩ መርካቶ ነው። ማሽኑ ውስጥ ለዲስኩ የተተወች ባዶ ቦታ አለች፤ ዲስኩ ሲሰካ እዚያች ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሳይሰካ ግን የሩት አካል ናት። እስቲ ባዶዋን ልያት ብዬ ከፈትኳት።

ባዶ አልነበረችም። ሐምሌ 1። ሐምሌ 2። ሐምሌ 3። ቅጂዎቹ ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ጢም ብለው። ከእያንዳንዱም አጠገብ ሰዓቱ ተጽፏል፤ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት።

ስምንት። የማን ስምንት?

ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚኖረው። ሌሊት ስምንት ሰዓትን ለእሱ 2 ብዬ ነበር መንገር የነበረብኝ። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። የእሱ 8 ግን የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዲስኩ ተነቅሎ፣ በቦታው የእትዬ የሺ ውሃ እየፈላ ነው።

ለሌላ ሰው ባስረዳ እንዲህ እላለሁ። ልብስህን አጥፈህ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለህ እንበል። በየቀኑ ልታስቀምጥ ስትል ሳጥኑ ተነስቷል፤ አንተ ግን ሳታይ ወለሉ ላይ ትከምራለህ። ከዚያ ሳጥኑን አምጥተህ ክምሩ ላይ ትደፋበታለህ። ቤቱ ጠበበኝ እያልክ ትጮሃለህ፤ ስትፈልግ ግን የሚታይህ ሳጥኑ ብቻ ነው። ልብሱን የከመርኩት እኔ፣ ሳጥኑን የደፋሁት እኔ፣ «ከሚታዩት» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። በየጠዋቱ። ሻይ እየጠጣሁ።

የሲና ፎቶዎች እዚያ ክምር ውስጥ ናቸው። የጋሽ በድሉ ጥለት አለች፤ ቢጫና አረንጓዴ ሆና ጫፏ ላይ መንገድ የቀየረች። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ባጠፋ ሩት ባዶ ትሆናለች፤ ማንም ምንም አያውቅም፣ እኔ የኅብረቱ ባለሙያ ሆኜ እቀራለሁ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። ትንሽ አይደለም። ዝናቡ እስኪያባራ።

ጳጉሜን 4

ፎቶዎቹን መጀመሪያ አወጣሁ። ከዚያ ነው ክምሩን የጠረግኩት። ሰዓቱን 2 አደረግኩ። ማሽኑ እንደ ወፍ ቀለለ።

«አገኘኋቸው» አልኳት ሲናን።

«የት ነበሩ?»

«በልዩ ፕሮግራም ነው ያወጣኋቸው። ጥልቅ ቦታ ነበሩ።»

ጥለቷን አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ «የነገው የስንብት ደብዳቤዬ ግን ተጽፏል አሉ» አለች። ይህን ሰምቼ አቶ ስብሐት ቢሮ ገባሁ፤ እግሬ ነው የወሰደኝ፣ እኔ አልወሰንኩም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። «ሰዓቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። በሩት ገብቼ ፎቶውን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ሲና ምንም አላደረገችም።»

«በሩት ገብተህ?»

«አዎ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ሩት ናታ።»

«አቶ ስብሐት፣ ሩት የምትባል ሰው የለችም።»

«በሩን ዝጋው።» ዘጋሁት። «የለችም ብለህ ለእኔ ትነግረኛለህ? የደመወዝ ሰነዱን የምፈርመው እኔ አይደለሁም? ስማ ዮናስ። ቦርዱ አጥፊ አምጣ ብሎኛል። ልጅቷን ላሰናብት ነበር። አንተን ባሰናብት ነገ ያንን ማሽን ማን ይነካዋል? ሩት ግን ልጅ የላትም፣ የቤት ኪራይ የለባትም፣ ሄዳ አትከሰንም። ቃለ ጉባኤው ላይ ስሟ አለ። በቃ፣ እሷ ትሂድ። ሲና ትቀመጥ።»

ደግ ሰው ናቸው። የከበደኝም እሱ ነው። ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህ ደብተር እንኳ ይወቀው።

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ፣ ማታ

የበዓል ዝግጅት። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ፦ «ወ/ሪት ሩት ሰርቨሩን በመሙላትና የኅብረቱን ፎቶ በማጥፋት ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተዋል።» አንዳንዶቹ አዘኑላት። ከሽያጭ ክፍል አንዱ «ዝምተኛ ልጅ ነበረች» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

እኔ የምስክር ወረቀትና ጋቢ ተሸለምኩ። ጋቢውን ጋሽ በድሉ ራሳቸው ናቸው የሠሩት፤ ትከሻዬ ላይ እያለበሱ «ጥለቴን ከሞት አስነሣህልኝ፣ እጅህ ይባረክ» አሉ። ተጨበጨበ። ሞቀኝ። የጋቢው ሙቀት አልነበረም።

ሲናን በሩ ላይ አገኘኋት። ኮንትራቷ ታድሷል።

«ሲና፣ ያው... ማለቴ፣ ስህተት ተፈጥሮ ነበር።»

«ማን ፈጠረው?»

«እንግዲህ ሰሌዳው ላይ እንዳለው...» ብዬ ልስቅ ሞከርኩ።

አልሳቀችም። «አንድ ወር ሙሉ ሰው በደረጃው ሲወርድ ሰርቨር የሞላች እያለ ሲያየኝ፣ ሪፖርቱ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። አሁን ደግሞ በሩት አትግባብኝ፣ ዮናስ። ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? በስምህ ግባ።»

ዣንጥላዋን ዘርግታ ወደ ታክሲው ሄደች።

መስከረም 1

እንኳን አደረሰኝ። ጋቢውን አልለበስኩትም። እናቴ «ተሸልመህ ፊትህ ለምን የጠቆረ ነው?» አለች። ቴክኒካል ነው አልኳት።

መስከረም 5፣ ሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከእትዬ የሺ እኩል ገባሁ። ከሰሌዳው ደብዳቤ ላይ «ወ/ሪት ሩት» የሚለውን ሰርዤ «ዮናስ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ጨመርኩ፦ «ሰርቨሩን የሞላሁት ሰዓት አሳስቼ ነው። ፎቶውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስለ ፎቶ ክፍሉ የጻፍኩት ሪፖርት ሲናን ያለ ጥፋቷ ያስወቀሰ ነው።» ፈረምኩ።

እትዬ የሺ በትከሻዬ በኩል አይተው ማፍያቸውን አነሱ። «ታዲያ ሻዩ ይፈላ ወይስ ይቅር?»

«ይፈላ። ዛሬ ግን ማፍያውን እኔ እሰካለሁ።»

ሰዉ ሲገባ ሰሌዳው ጋ መኮልኮል ጀመረ። ያ የሽያጭ ክፍሉ ሰው «ታዲያ ሩት የት ሄደች?» ይላል። ጋሽ በድሉ ዓለምነሽን አስነብበው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ወደ እኔ አላዩም። አቶ ስብሐት መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ አወለቁት፣ እንደገና አድርገው አነበቡ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮዬ ና» አሉኝ። ጥቂት ሄደው ዞሩ። «በሀበሻ።»

ሲና መጨረሻ ላይ መጣች። ቆማ አነበበች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«አሁን ገባህ» አለችኝ።

የቱን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ጋቢውን አጥፌ ይዤዋለሁ።